ለክረምት ድብርት የሚሸጡ የብርሃን ፓነሎች፦ ለሚጽፍ ሰው የቱ ይረባል?

ፍርዱን ማቆየት አያስፈልግም። (ክረምት የምንለው ቀኑ የሚያጥርበትን ብርዳማ ወቅት እንጂ የኢትዮጵያን የዝናብ ወቅት አይደለም።) ቀኑ ባጠረ ቁጥር ብዕሩ ለሚነጥፍበት ሰው፣ ለክረምት ድብርት እየተባሉ ከሚሸጡት መሣሪያዎች ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አንድ ዓይነት ነው፦ ፊቱ 30 በ40 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ሰው ዘና ብሎ ከሚቀመጥበት ርቀት 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዓይን ላይ የሚያደርስ፣ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራና የማይርገበገብ ትልቅ ፓነል። መጽሐፍ የሚያህሉት ትንንሾቹ በአብዛኛው ማስታወቂያቸው ከብርሃናቸው ይደምቃል። የጎህ መቅደድን የሚያስመስለው ማንቂያ ሰዓት መልካም ረዳት ነው፤ ብቻውን ግን አይወጣውም። ግንባር ላይ የሚጠለቁት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው የተለየ ጥቅም የላቸውም።

የአንዱን ድርጅት ምርት ከሌላው ድርጅት ጋር በስም አናወዳድርም። ሞዴሎች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ መለኪያዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻለ ሰው የትኛውም ስም ቢቀርብለት አይታለልም።

ድብርቱ ጽሑፍ ላይ የሚያደርሰው

ወቅታዊ ድባቴ በሕክምናው ዓለም ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ኖርማን ሮዘንታልና በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የነበሩ ባልደረቦቹ በየክረምቱ የሚወድቁና በፀደይ የሚነሡ ታካሚዎችን ሁኔታ ዘርዝረው ጻፉ፤ ከደማቅ ብርሃን ጋር ያደረጉትንም የመጀመሪያ ሙከራ አብረው አቀረቡ። ዛሬ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን በወቅት የሚመላለስ የድባቴ ዓይነት ተብሎ ይመደባል። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ በዚያው ወቅት መጥቶ በዚያው ወቅት ሲሄድ ነው። ምልክቶቹ ሰው ድባቴ ሲባል ከሚያስበው ለየት ይላሉ፦ እንቅልፍ ከማጣት ይልቅ መተኛት ይበዛል፤ የምግብ ፍላጎት ከመዘጋት ይልቅ የስታርችና የጣፋጭ አምሮት ይጸናል፤ እጅና እግር ይከብዳል፤ ሰው ማየት ያስጠላል። ከዚህ ቀለል የሚለውና ሥራ ሳያስቆም ጉልበት የሚነጥቀው የክረምት ድብርት ደግሞ ከሙሉው ሕመም ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ይታያል።

የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የመጀመር ችግርን ነው። ሐሳብ አለ፣ ጊዜ አለ፣ እጅ ግን አይነሣም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንቆይበትም።

ብዙም የማይነገረው የማስታወስ ነገር ነው። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ደስ ያለውን አንድ ቀን እንዲያስታውስ ቢጠየቅ «ልጅ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ጠቅልሎ ይመልሳል እንጂ የአንዱን ቀን አንዱን ሰዓት አንጥሮ አያወጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ትዕይንት የሚቆመው ደግሞ በተለየው ነገር ላይ ነው፤ በዚያ በር፣ በዚያ ድምፅ፣ በዚያች ቃል። በክረምት የተጻፈ ረቂቅ «መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሁሉም አዝኗል» በሚሉ ጥቅል ዐረፍተ ነገሮች ቢሞላ ችሎታው ጠፍቶ አይደለም፤ ትዝታው ለጊዜው በጅምላ ብቻ ስለሚመጣ ነው።

ከሁሉ አደገኛው ግን ፍርድ መጣመሙ ነው። በመስከረም ደህና የነበረ ምዕራፍ በጨለማው ወር ሲነበብ ቆሻሻ ይመስላል። ምዕራፉ አልተለወጠም፣ አንባቢው ነው የተለወጠው፤ ስንት ረቂቅ በዚህ ሰበብ ተሰርዟል።

ብርሃኑ የሚገባበት መንገድ

ብርሃን በሚያርፍበት የዓይናችን የኋላ ሽፋን፣ በሬቲና ውስጥ፣ ለማየት ሳይሆን የቀኑን ብርሃን መጠን ለአንጎል ለማሳወቅ የሚያገለግሉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይይዛሉ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁትም 480 ናኖሜትር ገደማ ላለው ሰማያዊ ቀለም ነው። የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚያስተካክለው፣ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞንም የሚገታው ይህ መልእክት ነው። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ብርሃኑ መግባት ያለበት በዓይን ነው፤ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን ወይም ቆዳን ማብራቱ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ተራ የቤት መብራት አይበቃም። የቤት ውስጥ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ሉክስ ባለው መካከል ነው፤ ደመና የሸፈነው ቀን እንኳ ውጭ ሲወጡ በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ይሰጣል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ወደ 100,000 ይደርሳል።

ስለዚህ የፓነሉ ዋና ተፎካካሪ ሌላ ፓነል ሳይሆን ነጻው የጠዋት ሰማይ ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፀሐይ የሚወጣላችሁ ከሆነና አንድ ሰዓት ያህል ውጭ መራመድ ከተቻለ፣ እሱን ሳይሞክሩ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ፓነል የሚያስፈልገው ጎህ ዘግይቶ በሚቀድበት፣ ወይም ከቤት መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ነው።

10,000 ሉክስ የሚለው ጽሑፍ

የገበያው ትልቁ ማታለያ እዚህ ላይ ነው። ሉክስ መብራቱ የሚያመነጨውን ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ የሚደርሰውን ብርሃን ይለካል፤ ስለዚህ ርቀቱ ሳይጠቀስ «10,000 ሉክስ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ትንንሾቹ መብራቶች ላይ በደቃቅ ፊደል ሲፈለግ «በ15 ሴንቲሜትር» የሚል ይገኛል። አፍንጫውን መብራት ላይ ለጥፎ የሚጽፍ ሰው የለም። አነስ ካለ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል፦ በ15 ሴንቲሜትር 10,000 የነበረው በ30 ሴንቲሜትር 2,500 ገደማ፣ በ60 ሴንቲሜትር ደግሞ 600 ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ከደህና የቢሮ መብራት ብዙም አይርቅም። ሰፊ ፓነል በቅርብ ርቀት ላይ እንዲህ በፍጥነት አይዳከምም፤ ጭንቅላት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲልም መጠኑ ብዙ አይዋዥቅም። ሰፊውን የምንመርጠው ለዚህ ነው።

ደከም ያለ መብራት በእጃቸው ላለ ሰዎች አንድ ማካካሻ አለ፦ ጊዜ። በምርምር የተለመደው መጠን 10,000 ሉክስ ለ30 ደቂቃ፣ 5,000 ለአንድ ሰዓት፣ 2,500 ለሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ጠዋት በጠዋት አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ግን ብርቅ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

የገዙትን ለመፈተሽ የስልክ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ይበቃል ማለት ባይቻልም ይጠቅማል። ቁጥሩ ከእውነተኛ የሉክስ መለኪያ ሊርቅ ስለሚችል ለማወዳደር ብቻ ይጠቀሙበት፦ ስልኩን በዓይንዎ ትክክል ይዘው፣ አነፍናፊው ያለበትን የፊት ገጽ ወደ ፓነሉ አዙረው፣ በ20፣ በ30፣ በ45 እና በ60 ሴንቲሜትር ይለኩ። ጠራ ባለ ቀን ጥላ ሥር ወይም ደመናማ ቀትር ላይ ውጭ የሚያሳየውን ቁጥርም ይያዙ። በ30 ሴንቲሜትር ላይ የሚታየው ከውጭው እጅግ ካነሰ፣ ካርቶኑ ምንም ቢል ፓነሉ ደካማ ነው።

መርገብገብን ለማየት ደግሞ የስልኩን ካሜራ ወደ ዝግታ ቀረጻ አድርገው መብራቱን ይቅረጹ። ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ ወይም ብርሃኑ ከጨፈረ ኤልኢዲው በፍጥነት እየጠፋ እየበራ ነው ማለት ነው። ዓይን በግልጽ ባያየውም ራስ ምታት ያስነሣል፣ መስመር ተከትሎ ማንበብንም ያደክማል። ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታየው ብርሃኑ በመቀነሻው ዝቅ ሲደረግ ስለሆነ በሁሉም ደረጃ ይሞክሩት።

የቀሩትን በአጭሩ። የኤልኢዲዎቹ ነጠብጣብ በነጩ ሽፋን ውስጥ አንድ በአንድ የሚታዩ ከሆነ ዓይን ይወጋሉ፤ አይግዙት። የቀለም ሙቀቱ ከ4,000 እስከ 6,500 ኬልቪን ያለ ነጭ ይበቃል፤ ሰማያዊ ብቻ የሚያበራ መሣሪያ ለዓይን የሚከብድ ከመሆኑ በቀር ነጩን ስለመብለጡ አሳማኝ ነገር የለም። «ሙሉ ስፔክትረም» የሚለው ማስታወቂያ ወጥ ትርጉም የለውም፤ እንዲያውም አልትራቫዮሌት አለበት ማለት ከሆነ ጉዳት ነው። ከዚሁ ጋር፣ ፓነል ቫይታሚን ዲ ይሰጣል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ሱቁን ይቀይሩ፤ ቆዳ ያንን ቫይታሚን የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ነው፣ ጥሩ ፓነል ደግሞ እሱን ያጣራል። የድሮዎቹ ባለ ፍሎረሰንት ቱቦ ፓነሎች አሁንም ይሠራሉ፤ ቱቦው ሳይጠፋ እየደከመ ስለሚሄድ ግን ሁለተኛ እጅ ሲገዙ ለአዲስ ቱቦ የሚወጣውን ያስቡ፤ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለበትም እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም።

ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ

ጥሩ ፓነል ተገዝቶ የማይረባው አብዛኛውን ጊዜ በአቀማመጡ ነው። ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አንድ ጎን፣ ከአፍንጫ መስመር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ፈቀቅ ብሎ፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ታች ዘንበል ማለት አለበት። ትኩር ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ዓይን ተገልጦ ፊት ወደዚያው አካባቢ መዞሩ ይበቃል። ከላይ የሚመጣ ብርሃን የተመረጠው ሰማይም ብርሃኑን የሚልከው ከላይ ስለሆነና በዓይን ላይ የሚፈጥረው ጫና ስለሚያንስ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው መቆሚያ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ፓነሉ ደረት ላይ ያበራል። ሁለት ሦስት ወፍራም መጻሕፍት ከሥሩ ማድረግ ችግሩን ይፈታል፤ ወደ ፊት እንዳይደፋ ግን ገመዱን ከጠረጴዛው ጀርባ ያስሩት።

በእጅ የሚጽፉ ከሆነ ፓነሉን ከሚጽፉበት እጅ በተቃራኒ ያድርጉ። ቀኝ እጅ ለሚጽፍ በግራ፤ አለዚያ የራስዎ እጅ ጥላ መስመሩን ይሸፍነዋል። አንጸባራቂ ነጭ ወረቀት በ10,000 ሉክስ አጠገብ ዓይን ያጭበረብራል፤ ክሬም ቀለም ያለውና ድምቀት የሌለው ወረቀት ይሻላል። መነጽር ማድረግ ይቻላል፤ የፀሐይ መነጽርና በብርሃን የሚጠቁር መነጽር ግን ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ላፕቶፕ ላይ የሚጽፍ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ከፓነሉ አጠገብ ስክሪኑ የጠፋ ያህል ይጨልማል፤ ስለዚህ ብሩህነቱ እስከ ላይ ይሰቀላል፤ ማታም እንደዚያው ይረሳል። ማታ ደማቅ ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል፤ ጠዋት የተገኘውን ማታ መልሶ መስጠት ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ወረቀትና ብዕር መያዝ ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ስክሪን ግድ ከሆነ ፓነሉ ከስክሪኑ ጎን እንጂ ከጀርባዎ አይሁን፤ ከጀርባ ከሆነ ዓይን ጋ አይደርስም፣ ስክሪኑ ላይም ይንጸባረቃል።

ሰዓቱና የወሩ ርዝመት

ጊዜው ከእንቅልፍ በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ላይ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት በ15 ደቂቃ ጀምሮ ወደ 30 ማድረስ ራስ ምታቱን ይቀንሳል። ለውጡ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሰማ ይችላል፤ ሙሉ ፍርድ ለመስጠት ግን ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። አንድ ቀን ቢያልፍ አይጎዳም። ለብዙ ቀን ሲያቋርጡ ግን ድብርቱ ይመለሳል፤ ብርሃኑ እየተሰጠ የሚሠራ እንጂ አድኖ የሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ፀደይ እስኪደላደል ይቀጥሉ። በየዓመቱ የሚመላለስባቸው ሰዎች ደግሞ ከመውደቃቸው በፊት መጀመራቸው ይሻላል፦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር፣ በስተደቡብ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል።

ሌሊት ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ማታ የሚጽፉ ሰዎች «ብርሃን ያነቃኛል» ብለው በሁለት ሰዓት ማታ ያበሩታል። ያነቃቸዋል፤ እንቅልፋቸውን ይበልጥ ወደ ሌሊቱ ይገፋዋል፣ ጠዋት መነሣቱ ይብስባቸዋል፣ የሚያዩት የቀን ብርሃንም ያንሳል። እንደዚህ ያለ ሰው አሁን በሚነሣበት ሰዓት ጀምሮ መነሻውንም መብራቱንም በየሁለት ሦስት ቀኑ በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ቀደም እያደረገ ይሂድ። በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ሰዓት አሳጥሮ በሌሊት አጋማሽ ማብራት ሰውነቱ ገና ምሽት ነው ብሎ እንዲያስብ ሊያደርገው ይችላል። በተቃራኒው በጠዋቱ ብርሃን ምክንያት ማታ ቶሎ እንቅልፍ የሚጥልዎ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ዓይንዎ የሚፈጥጥ ከሆነ ደቂቃውን ይቀንሱ ወይም መብራቱን ትንሽ ያዘግዩ።

ለጸሐፊ የተለየ ማስጠንቀቂያ

ቀላሎቹ ጉዳቶች ራስ ምታት፣ የዓይን ድካም፣ ማቅለሽለሽና መነጫነጭ ናቸው። ርቀቱን በጥቂቱ መጨመር ወይም ደቂቃውን ማሳነስ ብዙ ጊዜ ይበቃቸዋል።

ከባዱ ሌላ ነው፤ ጸሐፊንም ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊያታልለው ይችላል። ብርሃን ባይፖላር (ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) ያለበትን ወይም ለዚያ የተጋለጠን ሰው ከድባቴ አልፎ ወደ ከልክ በላይ መነቃቃት ሊወስደው ይችላል። ሦስት ሰዓት ተኝቶ ድካም የማይሰማው፣ ሐሳብ በሐሳብ ላይ የሚጎርፍለት፣ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ገጽ የሚጽፍ፣ የማይቆም ወሬና የማይታሰብ ወጪ የጀመረ ሰው «በመጨረሻ መንፈሱ መጣልኝ» ሊል ይችላል። ለወራት ሲጠብቀው የነበረውን ገጽ የሚሰጠው ይኸው ስለሆነ ማቆም ይከብደዋል። ግን መብራቱን የዚያኑ ቀን ያጥፋ፣ ሐኪሙንም ያነጋግር። አብሮት የሚኖር ሰው ይህን ምልክት አስቀድሞ ቢያውቅ ይመረጣል፤ ባለቤቱ ራሱ አያየውም። ባይፖላር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል ፓነል አይጀምር።

የሬቲና ሕመም፣ ግላኮማ፣ የዓይን ሞራ ወይም ዓይንን የነካ ስኳር ያለበት ሰው መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ይይ። እንደ አሚዮዳሮን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ዶክሲሳይክሊን ያሉና ሰውነትን ለብርሃን የሚያስቆጡ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰውም እንዲሁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅም ከእነዚህ ተራ ነው። በሌላ በኩል የታይሮይድ ጉድለትና የደም ማነስ ከክረምት ድብርት ጋር የሚመሳሰል ድካም ስለሚያመጡ፣ የደም ምርመራ አንዳንድ ጊዜ ፓነሉን ጨርሶ አላስፈላጊ ያደርገዋል።

ግማሽ ሰዓቷ ላይ ምን ይጻፍ

ፓነሉ ለጸሐፊ ከሌላው ሰው በላይ የሚጠቅመው በዚህ ነው ብለን እናምናለን፦ ሰውን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከአንድ ወንበር ጋር ያስራል። መጀመር ለከበደው ሰው ይህ ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። ስልክ እየነካኩ ማሳለፍ ግን ይህን ጥቅም ይጥለዋል፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ጽሑፉ ግን ባለበት ይቀራል።

የሚሠራ አከፋፈል ይህን ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ትናንት የተጻፈውን የመጨረሻ አንቀጽ በእጅ መገልበጥ፤ ፈጠራ አይጠይቅም፣ እጁን ግን ያፍታታዋል። ቀጥሎ ለአሥራ አምስትና ሃያ ደቂቃ አዲስ ነገር መጻፍ፣ ግን በጥቅሉ «ምዕራፉን መቀጠል» ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ጠባብ ጥያቄ። ገጸ ባሕርይዋ በሩን ስትከፍት እጇ ምን ይዟል? ክፍሉ ምን ይሸታል? ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ምንስ አለ? በጅምላ የሚመጣውን ትዝታ ወደ ነጠላው የሚያወርደው እንዲህ ያለ የስሜት ሕዋስ ጥያቄ ነው። ስሜትን የሚሰይም ቃል፣ «አዘነች» እና «ጨነቀው» የሚለው ሁሉ፣ ለዚያች ሃያ ደቂቃ ቢከለከል ይመረጣል። በመጨረሻ የሚቀሩትን ደቂቃዎች ለነገ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ጀምሮ በመሐል መተው፤ ሲነጋ ባዶ ገጽ እንዳይጠብቅ።

የገጹን ግብ ዝቅ ያድርጉት፤ በበጋ በቀን ሺህ ቃል የሚጽፍ ሰው በጨለማው ወር መቶ ሃምሳ ቢያደርገው ያዋጣል። የማይደረስ ግብ በየቀኑ የሚደርስ ሽንፈት ነው፣ ድባቴም የሚመገበው እሱን ነው። የራስን ብሶት በነጻ መዘርገፍን ግን ለጥንቃቄ እንዲገድቡት እንመክራለን። ስለ ከባድ ገጠመኝ ለጥቂት ቀናት፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጻፍ እንደሚረዳ ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ ያው አንድ ቅሬታ ለሳምንታት ሲመላለስ ግን ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ማመንዠክ ይሆናል። ሦስተኛ ቀን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ካገኙት ወደ ልብ ወለዱ ይመለሱ።

መሰረዝ በእነዚህ ወራት ክልክል ይሁን። የማይወዱትን ምዕራፍ ቀን ጽፈውበት ወደ ሌላ ማህደር ያውጡት፤ ፍርዱ ለፀደይ ይቆይ። የፊደል ግድፈት መልቀም፣ የስምና የቀን ዝርዝር ማጣራት፣ ምዕራፍ ማውጫ መሥራት ያሉትን ሥራዎች ለከሰዓት በኋላው ዝቅታ ያቆዩ፤ ውበትን መመዘን የማይጠይቁ ስለሆኑ የተጣመመ ፍርድ አያበላሻቸውም።

ፓነሉ ራሱ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ በየጠዋቱ አንድ መስመር ይበቃል፦ የተኛሁት ሰዓት፣ ስሜቴ ከአሥር ስንት፣ ትናንት የጻፍኩት ቃል ብዛት። ከመብራቱ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከመብራቱ ጋር ሁለት ሳምንት። ቃሉ ከስሜቱ ዘግይቶ ሊጨምር ስለሚችል የመጀመሪያው ሳምንት የገጽ ቁጥር ተስፋ አያስቆርጥ።

ሌሎቹ መሣሪያዎች

የጎህ ማስመሰያ ሰዓት ከመነሻ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃኑን ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ጫፉ ብዙ ጊዜ ከ300 ሉክስ አይበልጥም። ከአልጋ መነሣት ዋና ችግራቸው ለሆነ ሰዎች ይረዳል፣ ከፓነሉ ጋር ሲጣመርም ጠዋቱን ያቃናል። ሲገዙ ጫፉ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ራስዎ መወሰን መቻልዎን ያረጋግጡ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚበራው ተራ መብራት ነው። ግንባር ላይ የሚጠለቀው ዓይነት እየተንቀሳቀሰ ለሚሠራ ሰው ይመች ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ከፓነሉ ያነሰ ነው፣ ለማንበብም ይረብሻል።

ከመሣሪያ ውጪ ያለውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የካናዳ ጥናት 96 ታካሚዎች ለስምንት ሳምንት ሲከታተሉ፣ ጠዋት 10,000 ሉክስ ለ30 ደቂቃ ያገኙትና በቀን 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን የተባለ የድባቴ መድኃኒት የወሰዱት እኩል ተሽሏቸዋል፤ ከየሦስቱ ሁለቱ ገደማ። ኬሊ ሮሃንና ባልደረቦቿ በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ በ177 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ብርሃንና ለወቅታዊ ድባቴ የተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና በዚያው ክረምት እኩል ሠርተዋል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ሕመሙ የተመለሰባቸው ከንግግር ሕክምናው ቡድን 27 በመቶ፣ ከብርሃኑ ቡድን 46 በመቶ ገደማ ነበሩ። በየዓመቱ ለሚወድቅ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ዕድሉ ካለ ሁለቱንም መያዝ ያዋጣል። መሞትን ማሰብ የጀመረ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ መብላትና መሥራት ያቃተው ሰው ግን የፓነል ዝርዝር ማንበቡን ትቶ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ለመግዛት ከወሰኑ የመመለሻ ጊዜው ቢያንስ ሠላሳ ቀን የሆነ ሱቅ ይምረጡ፤ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው ሙከራ በአሥራ አራት ቀን መመለሻ ውስጥ አይገባም። ካርቶኑን እስከዚያ አይጣሉ፤ ሉክሱና ርቀቱ አብረው የተጻፉበትን ገጽም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የለካችሁት ከዚያ እጅግ ካነሰ ለመመለስ የሚጠቅማችሁ ማስረጃ እሱ ነው።